በውሰት ጥቁር ቀሚስ የሰነበትኩባት ሐረር

ከሐረር መመለሴን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጅብ አብልተሽ መጣሽ?» ብሎ ነው። አላበላሁም። እኔን ነው ሲያበሉኝ የሰነበቱት። ሐረርን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ለመሄድም ሐሳቡ ለሌላችሁ፣ ግንቡንና በሮቹን ፎቶ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ፎቶ ላይ የማይወጣውን ነው፤ ባል ሳላገባ እንዴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ባል የሞተባት ሴት ለመሆን እንደበቃሁ።

የሄድኩት ለሥራ ነው። ሰዎች ከባድ መከራ ካለፈባቸው በኋላ እንዴት እንደሚያገግሙ፣ አንዳንዶቹም እንዴት ከበፊቱ በርትተው እንደሚነሱ በሚመረምር የሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ጠያቂ ነኝ። በየቤቱ እሄዳለሁ፣ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ የሚነግሩኝን በስልኬ እቀዳለሁ። አለቃዬ ዶክተሯ ለጠያቂዎች ሕግ አላት፦ ስለ ራስሽ አታውሪ፤ አትሳቂ፣ አታልቅሺ፤ ሰው ዝም ሲል አንቺም ዝም በይ። ይህንን ሁሉ አንድ ላይ «ገለልተኛ ፊት» ትለዋለች። እናቴ ደግሞ ያንን ፊት ቤት ውስጥ ስለማመድ አይታኝ «ሆድሽን ቆረጠሽ እንዴ?» ብላኛለች።

ከዚህ በፊት ከተላክሁበት ከተማ የተመለስኩት ባዶ እጄን ነበር። ስለዚህ ዶክተሯ «ከሐረርም እንደዚያው ከመጣሽ ጠረጴዛሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለችኝ፣ ያውም በፈገግታ። የፈራሁት ፈገግታዋን ነው። ጠረጴዛዬ መስኮት አጠገብ ነው፣ ከሥር መሳቢያው አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም፣ ግን እወደዋለሁ።

እሑድ አውቶቡሳችን ከአዲስ አበባ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለዘመድ ሠርግ ማር ይዞ እየሄደ ነበር፤ ማሩን በጄሪካን አድርጎ ጣራ ላይ ጭኖታል። የእኔም ሻንጣ ጣራ ላይ ነው። አዋሽ ላይ ፀሐዩ ጣራውን ምጣድ አደረገው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሐረርጌ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። አዋዳይ ስንደርስ የተሳፋሪው ግማሽ ጫት ሊገዛ ወረደ፣ ሌላው ግማሽ የወረዱትን ሊጠራ ወረደ። እኔና ሰውዬው ቁጭ ብለን ሳለ በመስኮቱ ላይ ቢጫ ነገር ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሰውዬው መስኮቱን ከፍቶ በጣቱ ነካ አደረገና ቀመሰው። «የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። የእሱስ የእሱ ነው፤ የፈሰሰው ግን ሻንጣዬ ላይ ነበር።

ሐረር መናኸሪያ የተቀበሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ግቢ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሻንጣዬን ሲከፍቱት «ይሄ እኮ ልብስ አይደለም፣ የጠጅ ጥንስስ ነው» አሉኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ እያወጡ ዘፈዘፉት።

እራት ላይ ሥራዬን ከእሳቸው ልጀምር አሰብኩ። ባለቤታቸው ጋሽ ጌታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት መሞታቸውን ከእናቴ ሰምቻለሁ፤ ፎቷቸውም ግድግዳው ላይ ነው። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎን ብጠይቅዎትስ? ካለፈብዎት መከራ በኋላ ስለ ራስዎ ያወቁት አዲስ ነገር አለ?»

«እኔ ምን ደርሶብኝ?» አሉ፤ ሳህኔ ላይ ወጥ እየጨመሩ። «ምንም አልሆንኩም። ብይ።»

በላሁ።

ሰኞ የተረፈችኝን የጉዞ ልብስ፣ ቢጫ ሹራቤንና ጂንሴን፣ ለብሼ እዚያው ሰፈር ውስጥ ጀመርኩ። አዲስ አበባ የማያውቁት ሰው በር ሲያንኳኳ በቀዳዳ አይተው ዝም ይላሉ። ሐረር ማንኳኳቱ ራሱ ያስቆጣል። «ግቢ አቦ! ምን ያቆምሻል?» ይሉኛል። እገባለሁ፣ ፈጢራ ይቀርባል፣ ሥራዬን አስረዳለሁ፣ ከባድ መከራ አልፎብዎት ያውቃል ወይ እላለሁ።

«እኔ? ተመስገን፣ ምንም! መከራስ ያየችው ባለ አረንጓዴ በሯ ናት። እሷን ጠይቂ። መጀመሪያ ግን ብይ።»

ባለ አረንጓዴ በሯ ጋ እሄዳለሁ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? እሷ ራሷ አይደለችም እንዴ መከራ ያየችው! ሂጂና ምን ትላለች በያት። ቆይ፣ ሳትበይ ነው እንዴ የምትሄጂው?» ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች በእኔ በኩል ሲከራከሩ ዋሉ፤ እኔም አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየበላሁ መልእክት አመላልሳለሁ። በመጨረሻ የአረንጓዴው በር አባወራ ጋሽ ተፈራ ከሥራ ገቡ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ስለ መከራ ስጠይቃቸው ስለ ድንኳን ነገሩኝ። እድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ሲተከል መኪና አያሳልፍም፤ እስካሁን ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ስላልሞተ አልተመረቀም። ይህንን ሲሉ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። ማታ ስልኬን ከፍቼ ሳዳምጥ የተቀዳው የሳህን ድምፅና «ብይ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ጠረጴዛዬ እየራቀ ሲሄድ ታየኝ።

ያን ዕለት ማታ የለበስኩትንም አጥቤ ማር ከነካው ልብስ ጎን አሰጣሁት። ማክሰኞ ጠዋት ገመዱ ላይ ያለው ልብስ አይታይም፤ ንብ ለብሷል። ሐረር ያሉ ንቦች ሁሉ ማራቸውን ሊያስመልሱ የመጡ ይመስል ሰፍረውበታል። እትዬ አስካለ መጥረጊያ ይዘው ቀረቡ፣ ወዲያው መጥረጊያውን ጥለው ተመለሱ። የእሳቸውን ቀሚሶች ብሞክር ሁሉም ጉልበቴ ላይ ቀሩ፤ እኔ ረጅም ነኝ፣ እሳቸው አጭር ናቸው። በዚያ አለባበስ ግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ልገባ አልችልም። ትንሽ አሰቡና ከቁምሳጥናቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁር ቀሚስ አወጡ።

«ይሄ ለእኔ ረዝሞብኝ ነው የተቀመጠው። ሰፊው በስልክ ነው የሰፋው» አሉኝ።

«በስልክ?»

«በስልክ። ልበሺው፣ ብዙም አልተለበሰም።»

ለመጠየቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው፣ ልብስ እንዴት በስልክ እንደሚሰፋ አልጠየቅሁም። ለብሼ ወጣሁ። ልክ ለእኔ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደ ሰው ቤት ጎራ ብሎ፣ ምሳ በልቶ መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ሰው በትከሻው ገፍቶኝ ያልፋል፤ እዚህ ግን ያን ቀን ሁሉም ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ፣ አንገቱን ደፍቶ ያሳልፈኛል። ደስ የሚል ሥነ ሥርዓት ነው እያልኩ መኪና ግርግር ደረስኩ። ሰፊዎች በር በር ላይ ተቀምጠው የሚሰፉበት መንገድ ነው፤ ስሙም የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ያወጣለት ነው። አንዱ መኪና እኔን ሲያይ ቀጥ አለ።

«ይሄን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ሰፊው። ጋሽ አብዱ ይባላሉ።

«እትዬ አስካለ ናቸው ያለበሱኝ።»

«አወቅሁት። ለሐዘን የሰፋሁት ነው።» ከጫፉ ጀምረው ወደ ላይ እያዩ ፊቴ ላይ ደረሱ። እኔም ወዲያው ገለልተኛውን ፊት አደረግሁ። ሰዎች ከባድ ነገር ከደረሰባቸው በኋላ እንዴት እንደበረቱ እየጠየቅሁ እንደሆነ፣ ለጥናት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ለጥናት» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺንስ ምን አገኘሽ ልጄ?»

«ስለ ራሴ ማውራት አይፈቀድልኝም።»

ጋሽ አብዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አብሽሪ» አሉኝ። አይዞሽ፣ በርቺ ማለት ነው። ስለ ሥራዬ መስሎኝ አመሰገንኩ። ከዚያ ሳልለምናቸው ማውራት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ከደረጃ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል። እንጀራቸው እጃቸው ላይ ነውና የሚበሉት አጥተው፣ ያፍሩበት ከነበረው ወንድማቸው ቤት መቀለብ ጀመሩ። መቀሱን ሚስታቸው ወይዘሮ ዘይነባ አነሱት። «ወላሂ፣ ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሳባክን ነው የኖርኩት! እጄ ዳነ፣ መቀሱ ግን አልተመለሰልኝም። አሁንም እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ወንድሜም ያው ወንድሜ ሆነ።» መጨረሻ ላይ «ነገ ቤት ነይ፣ ዘይነባ ታጫውትሻለች» አሉኝ።

ሰኞ በር ለበር የተንከራተትኩት ሴትዮ፣ ረቡዕ ባለ ወረፋ ሆንኩ። የእነ ጋሽ አብዱ ቤት የድንጋይ ነው፤ መቀመጫው ደረጃ ደረጃ እየሆነ ከፍ ይላል፣ ግድግዳው በሳህን አጊጧል። ወይዘሮ ዘይነባ ከፍ ካለው ቦታ አስቀምጠው ሆጃ ቀዱልኝ፤ የቡና ቅጠል በወተት ነው፣ ሆድ ያሞቃል። ሴቶች ተራ በተራ እየገቡ እጄን ይዘው ያወሩኛል። አንዷ ቤቷ በዝናብ ፈርሶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቷን አኩርፋ እንደማታውቅ ነገረችኝ፣ «ማን ቤት እንደማድር በምን አውቃለሁ?» ብላ። ለእያንዳንዷ «ለጥናት ነው» እላለሁ። እነሱም እርስ በርስ ተያይተው «እሺ፣ ለጥናት ነው» ይሉኛል፤ አነጋገራቸው ልጅ ሲያባብሉ ዓይነት ነው።

ወይዘሮ ዘይነባ የተናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ገና ጡት ሳትጥል ቀብረዋል። «በፊት ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ አበዛ ነበር» አሉኝ። «ዝምታው ያስፈራኛል። እሷን ከቀበርኩ ወዲህ ግን ሰው ጎን ዝም ብሎ መቀመጥ ቻልኩ። የተማርኩት ይሄን ብቻ ነው። መቀመጥ።» እንዳላለቅስ የጉንጬን ውስጥ ነክሼ ያዝኩ። ከጎኔ ያለችው ሴት ጀርባዬን እየደባበሰች «አንቺም አንድ ቀን ይወጣልሻል» አለችኝ። ጉንጬን እንደነከስኩ አውቃ መስሎኝ ለቀቅሁት።

ያን ዕለት ለዶክተሯ ደውዬ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ተሰምቶ እንደማይታወቅ አበሰርኳት። ምን ተአምር እንደሠራሁ ጠየቀችኝ።

«ገለልተኛ ፊት!» አልኳት። ኮራሁም።

ሐሙስ በባጃጅ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ባለ ባጃጁ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ቆቡን አወለቀልኝ፤ አዲስ አበባ ቢሆን ቆቤን ነበር የሚያወልቅብኝ። እዚያ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ገበሬ ጥያቄዬን ሳይሰሙ ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ፣ አሚን አልኩ፣ አንድ ከረጢት ዘይቱን አሸክመው ሸኙኝ። ሐረርን እንዴት እንደወደድኳት እያሰብኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

የጋሽ ተፈራ አዲሱ ድንኳን ነው። ወንዶች ቆባቸውን አውልቀው፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩም የጀጎሉም ሰው አለ። ጠዋት ደህና ነበሩ፤ ቁርስ በግድ አብልተውኛል! «ወይኔ እትዬ አስካለ!» ብዬ ስጮህ ዘይቱኑ መሬት ላይ ተበተነ። የዶክተሯ ሕጎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሱ። ሴቶቹ ተነስተው ያዙኝ። «ይውጣልሽ! አዎ፣ ይውጣልሽ እህቴ!» እያሉ አብረውኝ ያለቅሳሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አለቀሰች» ሲሉ የጋሽ አብዱ ድምፅ ይሰማኛል።

ያኔ እትዬ አስካለ ዓይናቸው አብጦ፣ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዘው ከወጥ ቤት ወጡ።

ለቅሶዬ መሃል ላይ ቆመ። «እርስዎ አልሞቱም እንዴ?»

«እኔ? ኸረ በስመአብ! እናትሽ አይደለችም እንዴ?»

ለካ ከገበያ ሲመለሱ ድንኳኑ ሲተከል ደርሰው፣ የእናቴ መርዶ መጥቶ ለእኔ ሊረዳ ነው ብለው፣ ለመጠየቅ ፈርተው ወጥ ቤት ገብተው ሲያለቅሱ ቆይተዋል። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ «ሃሎ! ማሩ ለቀቀ ወይ?» አለች።

ወሬው ከጀጎል የደረሳቸው ጋሽ ተፈራ ብድግ አሉ። «እናቷ ካልሆነች ባሏ ነዋ የሞተው!»

«ባል የለኝም» አልኩ።

«አዎ፣ ከሞተ በኋላማ አይኖርሽም።»

«ከዚያም በፊት የለኝም።»

ያን ጊዜ ነው ጥቁሩ ቀሚስ፣ ስለ ራሴ አላወራም ማለቴ፣ ፊቴና እንዴት በረታችሁ እያልኩ መዞሬ አንድ ላይ የገባኝ። በስልኬ ያሉት የሚያማምሩ ታሪኮች ሁሉ የተነገሩት ለጠያቂ ሳይሆን ለሐዘንተኛ ነው። አንድ የሩቅ አጎቴን ገድዬ ነገሩን ልሸፍን ማሰቤን አልደብቃችሁም፤ ጠረጴዛዬን የሚያድንልኝ አጎት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወይዘሮ ዘይነባን አየኋቸው፣ አፈርኩም። ስለ ማሩ፣ ስለ ንቦቹ፣ ስለ ዶክተሯ ሕግ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

«እና ማንም አልሞተባትም?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«ማንም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ማሩን የቀመሰበትን እየደጋገሙ አስወሩኝ። ጋሽ ተፈራ ግን አልሳቁም። ለቅሶ ቤት የመጣ ምግብ ወደ ቤት አይመለስም፤ ወይዘሮ ዘይነባ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲበላው ብለው የምስር ሳምቡሳ በትሪ በትሪ አምጥተዋል። ድንኳኑም ቢሆን ሰው ሳይሞት ከመጋዘን አይወጣም። «ለኮሚቴው የማን ብዬ ነው የምናገረው?» አሉ። «የንቦቹ?»

ጋሽ አብዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀሚሱን እኮ የሰፋሁት ለእሷ አይደለም» አሉ። «ጋሽ ጌታቸው ያረፉት በዚያ በኮሮናው ጊዜ ነው። መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ልክ የምወስድበት መንገድ ጠፍቶ በስልክ ሰፋሁት። በአጥር ላይ ወርውሬ ሄድኩ። አልተቀመጥኩም። ከመካከላችን የተቀመጠ አለ?»

ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

«ድንኳን አልተተከለላቸውም» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አሮጌውም።»

እትዬ አስካለ ትሪውን እንደያዙ ቆመዋል። «ምንም አልሆንኩም» አሉ። ብርጭቆዎቹ ግን ትሪው ላይ እርስ በርስ ይንቀጫቀጫሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ተነሱና ትሪውን ተቀብለው መሬት አስቀመጡት፤ እጃቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው፣ ከጎናቸውም ተቀመጡ። ምንም አላሉም።

ብዙ ቆይተው እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ ቀሚሴን አውልቂልኝ።»

ስንወጣ እኔ ጉልበቴ ላይ የቀረ ባለ አበባ ቀሚሳቸውን ለብሼ ነው፤ እሳቸው ጥቁሩን እየጎተቱ። ጋሽ አብዱ ከኮታቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ተንበረከኩና ጫፉን ማጠፍ ጀመሩ። «ልክዎን እርስዎ ራስዎ በስልክ የነገሩኝ ነው እኮ» አሉ።

«እያለቀስኩ አይደል እንዴ የነገርኩህ! ልኬን የት አውቄው?»

እስኪመሽ ስለ ጋሽ ጌታቸው አወሩ። ጋሽ ጌታቸው ከሬዲዮ ጋር ይከራከሩ ነበር፤ ዜና አንባቢው ሳይመልስላቸው ሲቀር ተቆጥተው ያጠፉታል፣ ትንሽ ቆይተው «እስቲ አሁን ምን ይላል» ብለው ይከፍቱታል። እትዬ አስካለ ድምፃቸውን እያስመሰሉ ሲናገሩ ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል፣ ከዚያ እሳቸው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ሁላችንም። ስልኬ ቤት ውስጥ ነበር። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም።

ዓርብ ንቦቹ ሄደው ቢጫ ሹራቤን ለብሼ፣ ያወራኋቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ዞርኩ። የነገራችሁኝ ለሌላ ሰው መስሏችሁ ነውና ልጠቀምበት ወይስ ላጥፋው አልኳቸው። ጋሽ አብዱ «ተጠቀሚበት፣ የዘይነባን መቀስ ግን አትርሺ» አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ የእሳቸው እንዲጠፋ ፈለጉ። ፊታቸው አጠፋሁት፤ ሐልዋ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሲቆጠር የቀረልኝ ጥቂት ነው። ማታ ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች፤ ሰው ዝም ሲል ዝም በይ ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናትና እኔም ዝም አልኩ።

«የተረፈሽን ይዘሽ ነይ» አለች በመጨረሻ። «ጠረጴዛው ላይ ሰው የለም። ያ መሳቢያ እኮ ለማንም አይከፈትም።»

ቅዳሜ እትዬ አስካለ መናኸሪያ ሸኙኝ፤ ጥቁሩን ቀሚስ ለብሰው፣ ጫፉ በጋሽ አብዱ እጅ ተቆርጦ፣ ማለትም በወይዘሮ ዘይነባ መቀስ። ሻንጣዬን ጣራ ላይ እንዳይጭኑ ከረዳቱ ጋር ተጣልተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር መስኮቱን በጥፊ መቱት። ከፈትኩላቸው።

«ያ ጥያቄሽ!» ብለው ጮኹ፣ እየተከተሉን። «ስለ ራስዎ ያወቁት አዲስ ነገር ያልሽኝ! ጻፊው!»

«ምን ብዬ?»

«ጥቁር ያምርብኛል በይ!»

ቆመው ቀሚሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዙልኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን አውጥቶ ሲያያቸው ቆየና «እናትዬዋ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለኝ።

«ባለቤታቸው» አልኩት። «ከሬዲዮ ጋር ይከራከሩ ነበር።»